የጋሽ ቋጠሮ ድርሻ

ባለሙያን የገዛ እጁ ሥራ በሰው ፊት ከሚያዋርደው ነገር ይሰውረው። ወንበርና ቅርጫት ሠሪው ጋሽ ቋጠሮ ግን በዚያ ጠዋት አልተሰወሩም። አዲስ ትእዛዝ ይኖር እንደሆነ ለመጠየቅ ወደ ሻይ ቤቱ ጎራ ሲሉ፣ ካለፈው ክረምት በፊት የሸጡት የሸምበቆ ወንበር የሻይ ቤቱን ባለቤት ይዞ ወለሉ ላይ ተዘርፍጦ ደረሱ። ሴትዮዋ ደልደል ያለች፣ ሳቅ የማይርቃት ሰው ናት። ከወደቀችበት ሳትነሣ፣ «ጋሽ ቋጠሮ፣ እንኳን መጡ፤ ወንበር ብለው የሸጡልኝ ለካ ምንጣፍ ኖሯል» አለቻቸው።

ጋሽ ቋጠሮ አጎንብሰው የተሰበረውን እግር ገልበጥ አድርገው አዩት። ለሁለት ተሰንጥቆ ከውስጡ ቢጫ ዱቄት ይፈስሳል፤ ነቀዝ በልቶታል። መጀመሪያ ወለሉ ወጣ ገባ ነው አሉ። ቀጥለው ወንበሩ ከፀሐይ መራቅ ነበረበት አሉ። ሴትዮዋ ራሷን ስትነቀንቅ ጊዜ፣ የዛሬ ሸምበቆ እንደ ድሮው አይደለም፣ ዘመኑ ከፍቷል ብለው ነገሩን በዘመን ላይ ጣሉት። ዘመን መልስ ስለማይሰጥ ጥፋት ለማራገፍ የሚመች ትከሻ ነው።

«ዘመኑ ምን አደረገ ጋሼ? ሸምበቆውን የቆረጠው እሱ አይደለም» የሚል ድምፅ ከጥግ መጣ።

ዞር ሲሉ የሟች ወንድማቸው ልጅ ናት። ትልቁ ከተማ ተምራ የመሬት ቀያሽ ከሆነች ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ቀያሿ» ነው የሚላት። ባለሦስት እግር መለኪያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ሻይዋን ትጠጣለች። ጋሽ ቋጠሮ ደስታቸውን በቁጣ ሸፈኑትና፣ አጎት እያለሽ ሻይ ቤት መጀመርሽ ሰው ምን ይላል ብለው ተቆጧት። እሷም ተነሥታ ሳመቻቸው፤ ከመኪና መውረዷ እንደሆነና ወደ እሳቸው ልትሄድ ስትል አፏን እያረጠበች እንደነበረ ነገረቻቸው። የመጣችበትን ምክንያት ግን ሳትነግራቸውም ያውቁታል። ሰፈሩ ሰሞኑን ከዚህ ሌላ ወሬ የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰፈሩ በታች፣ በወንዙ ዳር ለዳር፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ቅርጫት ሠሪዎቹ የሚጠቀሙበት የሸምበቆ ጫካ አለ። የአጠቃቀሙም ልማድ የራሳቸው ነው። ሠሪው ወደ ጫካው ይወርዳል፣ የወደደውን ዘንግ ይመርጣል፣ በራሱ አስተሳሰር ክር ያስርበታል። ክር ያለበት ዘንግ ባለቤት አለው ማለት ነው፤ ሌላው አይነካውም። ጋሽ ቋጠሮም ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ነው፤ የእሳቸውን ቋጠሮ እንኳን ሰው ነፋስም አይፈታውም ይባላል።

ልማዱ በጊዜው መልካም ነበር። ሸምበቆው ብዙ፣ ሠሪው ጥቂት ሆኖ ሳለ የሚታሰረው የደረሰና የጠነከረ ዘንግ ብቻ ነበር። ሠሪው ሲበዛ ግን አንዱ ሌላውን ለመቅደም ለጋውን ማሰር ጀመረ። ሌላው ይህን አይቶ ገና ከመሬት ብቅ ያለውን ቡቃያ አሰረ። ያሰረውም ሰው ክሬን ፈትተው ይወስዱብኛል ብሎ ስለሚሰጋ ሳይደርስ ይቆርጠዋል። ለጋ ሸምበቆ ደግሞ ውስጡ ጣፋጭ ነው፤ ነቀዝ ይወደዋል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ይህን የማያውቅ ሠሪ የለም፤ «እኔ ብተወው እገሌ ይቆርጠዋል» የማይልም የለም። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ማለት እንዲህ ነው።

በዚህ ላይ አንድ የአሸዋ ነጋዴ መጣና ማዘጋጃ ቤቱን ዳርቻውን ስጡኝ ብሎ ጠየቀ። ማዘጋጃ ቤቱ ሠሪዎቹን ጠርቶ፣ ስትጠቀሙበት የኖራችሁ እናንተ ናችሁና መብቱም የእናንተ ነው አላቸው። በጋራ እንያዘው ካላችሁ በሁላችሁ ስም ይመዘገባል፤ እንካፈል ካላችሁ ለየሰዉ ይቀየሳል፤ መስማማት ካቃታችሁ ግን ባለቤት የሌለው ባዶ ዳርቻ ተብሎ ለጠየቀው ይሰጣል ተባለ። እሑድ ተሰብስበው ቃላቸውን ሊሰጡ ተቀጥረዋል፤ ቀያሿም የመጣችው ለዚሁ ነው። ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሎ የሚጠብቀው የጋሽ ቋጠሮን አፍ ነው፤ በዕድሜም በሙያም የሚቀድማቸው የለምና።

የእሳቸው ልብ መካፈሉ ላይ ነው። አንድ ልጅ አላቸው፤ በሌላ ከተማ የጭነት መኪና ይነዳል። «ይህ የአባትህ ነው» ብለው የሚያወርሱት አንዲት ቁራሽ መሬት በስማቸው ኖራ አታውቅም። ይህ ነገር ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር ደረታቸው ውስጥ እንደ እሾህ ይወጋቸዋል።

ሴትዮዋ ከወለሉ ተነሥታ አቧራዋን አራገፈችና ለጋሽ ቋጠሮ ሻይ አቀረበችላቸው። የእንጨት አግዳሚ ላይ እንዲቀመጡም አጥብቃ ለመነቻቸው፤ በገዛ ወንበርዎ አልጨክንብዎትም አለች።

ጋሽ ቋጠሮ ሻዩን ፉት ብለው ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞሩ። «ስሚኝ ልጄ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እኔ የኖርኩ ነኝ። የሁሉም የሆነ ነገር የማንም አይደለም። የጋራ ደጅ ማን ይጠርገዋል? አንዱ ‹ጎረቤቴ ይጥረገው› ሲል፣ ጎረቤቱም እንደዚያው ሲል፣ ቆሻሻው ጉልበት ይደርሳል። ብንካፈል ሁሉም የራሱን ይጠብቃል። ለራሱ የማይተጋ ማን አለ?»

«እውነትዎን ነው ጋሼ» አለች ቀያሿ። «አሁን ያለው አያያዝ የማንም ነው። እኔም ይህ ይቀጥል አልልም።»

«ታዲያ ከተስማማን ምን ያጨቃጭቀናል?»

«የማንም የሆነና የጋራ የሆነ አንድ አይደለም ብዬ ነው። የማንም በሆነ ነገር ላይ የቀደመ ይወስዳል። የጋራ ሲሆን ግን ማን እንደሚገባ፣ ምን እንደሚቆረጥ፣ መቼ እንደሚቆረጥ፣ ያጠፋውም ምን እንደሚደረግ ባለቤቶቹ ተነጋግረው ይወስናሉ፤ የወሰኑትንም ሕግ ያውቅላቸዋል። ሰፈራችን ያጣው እንዲህ ያለውን ንግግር ነው።»

«ንግግርማ አላጣንም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ስናወራ ነው የምንውለው» አሉ ጋሽ ቋጠሮ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ሳቀች፤ ቀያሿም ሳቀች።

ከዚያ ቀያሿ የላይኛውን ሰፈር ነገር አነሣች። እነዚያ ሰዎች የእነሱን ዳርቻ ተካፍለው ነበር። ሁሉም ድርሻውን አጥሮ ደስ ብሎት ሰነበተ። ከመካከላቸው አንዱ ሲቸግረው ለአሸዋ ነጋዴው ለቀቀለት፤ ነጋዴውም ሸምበቆውን ነቅሎ ቆፈረ። ክረምት ሲመጣ ወንዙ በዚያ ጉድጓድ ገባና ግራና ቀኙን እየቦረቦረ የሌሎቹን ድርሻ ከነአጥሩ ይዞት ሄደ። ዛሬ አንድ ቤት የጓዳው ግድግዳ ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ናዳው የገለጠውን አሸዋ ለመጫን የሚሻሙም አልጠፉም። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል እንደተባለው ነው።

ጋሽ ቋጠሮ ያንን ገደል ያውቁታል። ቢሆንም እጅ ለመስጠት አልቸኮሉም። «እነሱ ሞኞች ናቸው። እኔ ብሞት ለአሸዋ ነጋዴ አልሸጥም» አሉ።

«እርስዎ አይሸጡም። ከጎንዎ ያለውስ?»

ጋሽ ቋጠሮ ሻያቸውን ፉት አሉ።

«ወንዝ ዳር ያለ መሬት በአጥር አይያዝም ጋሼ። የሚይዘው ሥር ነው። የጎረቤትዎ ሲናድ ውሃው የእርስዎን አጥር አይቶ አይመለስም።»

ጋሽ ቋጠሮ ብርጭቆውን አስቀመጡ። እስካሁን የተናገሩት ሁሉ ከአንገት በላይ ነበርና አሁን ከልብ ተናገሩ። «እሺ፣ ይሁን። ለልጄስ? አባቴ ዕድሜውን ሙሉ አጎንብሶ ሲሠራ ኖሮ ምን አስቀመጠልኝ ቢል ምን ይሉታል? ‹ከሰፈሩ ሰው ጋር ሆነህ ተመልከተው› ይሉታል? አንቺ ደመወዝተኛ ነሽ፤ ይህ አይገባሽም።»

ቀያሿ አንገቷን ደፋች። የመጨረሻው ቃል ጎድቷታል፤ ግን ሐሰት ነው ማለት አልቻለችም። ብዙ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ የመጽሐፉን ገጽ መጥቀስ ይጀምራል። እሷ ዝም አለች። ጋሽ ቋጠሮ ዝምታዋን እንደ መሸነፍ ቆጥረው፣ እንግዲያው ሙያሽ ነውና ነገ ጠዋት ድርሻዬን ቀይሽልኝ፣ በዓይኔ ልየው አሏት። እሺ ጋሼ፣ እቀይስልዎታለሁ ብላ ያለ ክርክር ተስማማች።

በማግሥቱ ፀሐይ ሳትበረታ ወረዱ። ጫካው ከሩቅ ሲያዩት ያማረ ነው፤ ገብተው ሲያዩት ግን ያሳዝናል። ደረት የሚደርስ ዘንግ በመብራት ይፈለጋል። ከጣት የማይረዝመው ቡቃያ ሁሉ ክር ታስሮበታል፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ነጩ የጋሽ ቋጠሮ ነው። ቀያሿ መለኪያዋን ተከለች፣ ወዲያ ወዲህ አለች፣ የሠሪዎቹን ቁጥር ከዳርቻው ርዝመት ጋር አስተያይታ ለአጎቷ የሚደርሳቸውን አራት ማዕዘን አሳየቻቸው። ጠባብ ናት፤ ለእሳቸው ግን ሰፋች። መሐሏ ቆመው ዙሪያቸውን አዩ። ፊታቸው ላይ የታየው ደስታ የወንድማቸውን ልጅ አንጀቷን በላው።

«በይ፣ የድንበሩን ድንጋይ ላቁም» አሉ። ወንዝ ዳር የሚቆም ድንጋይ ጎርፍ እንዳይወስደው በጥልቅ መቀበር አለበት። ዶማቸውን አንሥተው በመጀመሪያው ማዕዘን መቆፈር ጀመሩ። ጥቂት እንደቆፈሩ ዶማው ወፍራም ሥር መታ። ትንሽ ፈቀቅ ብለው ቆፈሩ፤ እዚያም ሥር ነው። ወደ ሁለተኛው ማዕዘን ሄዱ፤ እዚያም እንደዚያው።

ጋሽ ቋጠሮ ሸምበቆ ሥሩን ወደ ጎን እንደሚሰድ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃሉ። ግን ሁልጊዜ የሚያዩት ከመሬት በላይ ያለውን፣ ክር የሚታሰርበትን ነበር። አሁን ተንበረከኩና አፈሩን በእጃቸው እየጫሩ ሥሩን ተከተሉት። ሥሩ ከእሳቸው ድርሻ ወጣ፤ ሰማያዊ ክር ካለው ቡቃያ በታች አለፈ፤ ታጥፎ ወደ ቀዩ ሄደ፤ ከዚያም ወደ ወንዙ አፋፍ ወርዶ እንደ እጅ ጣት ተበታትኖ አፈሩን ጨብጦ ቆመ። ነጭ ክር የታሰረበት የእሳቸው ቡቃያም የዚሁ ሥር ልጅ ነው።

ሥሩን በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ይህ የማን ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«እርስዎ ይንገሩኝ ጋሼ። እኔ የምለካው ላዩን ብቻ ነው።»

«ድንጋዩን ለማቆም ይህን መቁረጥ አለብኝ።»

«አዎ።»

«ሁሉም ድርሻውን ሲያጥር እንደ እኔ ይቆርጣል።»

«ይቆርጣል።»

«ዳሩን ይዞ ያቆመው ደግሞ ይኸው ነው።»

  ጋሽ ቋጠሮ ዶማውን አንሥተው ነበር፤ ሳያሳርፉት መልሰው አስቀመጡት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተዋል፤ ራሳቸውም ስንቱን መክረውበታል። ሰው ግን የሚመክርበትን ተረት ለራሱ የሚሰማው ዘግይቶ ነው።

የቆፈሩት ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀመጡና አፈሩን ከእጃቸው አራገፉ። «ለልጄ ላወርሰው የነበረው ለካ ጉድጓድ ነው» አሉ። አጠገባቸው ተቀምጣ እውነቱን ሳትሸፍን ነገረቻቸው። በጋራ ከተያዘ ልጃቸው ሙያውን ይዞ ቢመለስ የመቁረጥ መብቱ እንደ አባቱ ይጠበቅለታል። ባይመለስ ግን ሊሸጠው አይችልም። ይህን ደብቄ ባሳምንዎ ነገ ይረግሙኛል አለቻቸው። ጋሽ ቋጠሮ አዘኑ፤ ኀዘናቸውን የሚያክም ቃል እሷም አልነበራትም። ከዚያ ተነሥተው ጉድጓዱን በእግራቸው እየገፉ ሞሉት።

ማታ ለልጃቸው ደወሉለት። ልጁ አባቱ የሚካፈሉትን ድርሻ ሸጦ በመኪናው ላይ ሊጨምርበት ሲያስብ ኖሯል። ሰው ሁሉ የራሱን ሲይዝ አንተ ለሰፈር ትሰጣለህ ወይ ብሎ ተቆጣና ስልኩን ዘጋው። ጋሽ ቋጠሮ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም።

እሑድ ሠሪዎቹ ቅርጫት ከሚሸጡበት የቆርቆሮ ዳስ ሥር ተሰበሰቡ። ጋሽ ቋጠሮ ተነሥተው በጋራ እንያዘው ሲሉ እንካፈል ባዩ ወገን ደነገጠ። ከሁሉም በላይ የደነገጠው ቀጮ የሚባለው ሠሪ ነው። ቀጮ የቀይ ክሩ ባለቤት ነው፤ ከጋሽ ቋጠሮ ጋር በቡቃያ ሲሻሙ ዓመታት አልፈዋል።

«መልካም ነው» አለ ቀጮ ተነሥቶ። «በጋራ እንያዝ፣ ለጋ አንቁረጥ። ግን መጀመሪያ የሚተወው ማነው? እኔ ስተው ሌላው ሊቆርጥብኝ?»

ጉምጉምታው በረታ። ይህች ጥያቄ ስንቱን መልካም ሐሳብ ከመንገድ አስቀርታለች። ሁሉም በልቡ የያዛት ስለሆነች የሚመልስ ጠፋ።

«እኔ እተዋለሁ» አሉ ጋሽ ቋጠሮ። «ኑ፣ ተከተሉኝ።»

ጉባኤው እንዳለ ወደ ወንዝ ወረደ። ጋሽ ቋጠሮ ከመጀመሪያው ነጭ ክር ፊት ተንበርክከው ቋጠሯቸውን መፍታት ጀመሩ። እምቢ አላቸው። ነፋስ የማይፈታው ቋጠሮ ለባለቤቱም አልመች አለ፤ በጥፍራቸው ታገሉት፣ በጥርሳቸው ያዙት። አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ፈትተው ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ሄዱ። እንዲህ እያሉ ሲፈቱ ቀጮ ጥቂት ቆሞ አያቸውና አጎንብሶ የራሱን ቀይ ክር ፈታ። «የእኔ እንኳን ይቀላል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለ። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ጫካው ከክር ነፃ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ደንባቸውን ራሳቸው ተማክረው አወጡ፤ ቀያሿ የጻፈችው እነሱ ያሏትን ብቻ ነው። ዳርቻው ለላይና ለታች ተከፍሎ አንዱ ሲቆረጥ ሌላው ያርፋል። ያልደረሰ ዘንግ አይነካም። በወንዙ አፋፍ ላይ ያለው ረድፍ፣ የደረሰም ቢሆን፣ ለዘለዓለም አይቆረጥም። ጥበቃው በየተራ ነው። አቅም የሌላት ባልቴት ድርሻዋን ሌሎች ቆርጠው ደጇ ያደርሱላታል። ደንቡን የጣሰ የመቁረጥ ተራው ያልፈዋል። ዳርቻውም በሁሉም ስም ተመዘገበ።

የመጀመሪያው ዓመት ቀላል ነበር የሚል ካለ አልነበረበትም። ሠሪዎቹ አሮጌ ቅርጫት በመጠገን፣ ከጫካው የተገኘውን ጥቂት የደረሰ ዘንግ በመካፈል ነው ያሳለፉት። ቀጮ በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ያማርር ነበር፤ በጥበቃ ተራው ግን አንድ ቀን አልቀረም።

የመቁረጫው ጊዜ ሲደርስ ጋሽ ቋጠሮ መጀመሪያ እንዲቆርጡ ተመረጡ። ዘንጉ ከቁመታቸው በላይ ሄዷል። ቢላዋቸውን ሰነዘሩ፤ ዘንጉ እምቢ አለ። ጥቂት እንደቆረጡ ስለቱ ዶለዶመ። ሞረድ አምጡልኝ ብለው ሲቆጡ ሠሪዎቹ ተያዩ። በሥራ መሐል ሞረድ ሲጠየቅ ከሰሙ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ለጋ ሸምበቆ ቢላዋ አይጨርስማ። ጋሽ ቋጠሮም ነገሩ ሲገባቸው ቁጣቸው ወደ ሳቅ ዞረ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ የተገኘው ጥቅም ብዙ ነው። ነቀዝ ያልደፈረው ወንበር ከሩቅ ገዢ ያስመጣ ጀመር። በዚያ ክረምት የወረደው ጎርፍ ከላይኛው ሰፈር ሌላ ቁራሽ ሲወስድ በእነሱ በኩል ሥሩ አፈሩን ጨብጦ አሳለፈው። ሥሩ ውሃውን ባጣራበት የወንዙ ዳርም ዓሣ ታየ። ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ጎረቤት ጎረቤቱን በጥርጣሬ ማየት መተዉ ነው። መብት ማለት የእኔ ነው ብሎ መያዝ ብቻ አይደለም፤ ለነገ ሰው የሚተርፈውን አብሮ መወሰንም ነው። ጋሽ ቋጠሮና ልጃቸው ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልታረቁም። ልጁ ይደውላል፣ ጤናቸውን ይጠይቃል፣ መሬቱን አያነሣም። ጋሽ ቋጠሮን ይህ ያማቸዋል።

አንድ ቀን ዘንግ እየላጡ ሳለ አንድ በዓይን አይተውት የማያውቁት ሰው ከመኪና ወርዶ ወደ ዳርቻው መጣ። የአሸዋ ነጋዴው ነው። ጫካውን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ለካና ሰላምታ አቅርቦ፣ «አባቴ፣ የዚህ መሬት ባለቤት ማን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

ጋሽ ቋጠሮ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ሰው መጥቶ ይህን እንዲጠይቃቸው፣ እሳቸውም «እኔ ነኝ» ብለው እንዲመልሱ ሲመኙ ኖረዋል። የሚልጡትን ዘንግ ጭናቸው ላይ አሳርፈው ሰውዬውን ቀና ብለው አዩት።

«ባለቤቱን ከፈለጉ እሑድ ይምጡ» አሉት፤ «ሁላችንም እንገኛለን።»